ሦስት ሽማግሌ የተሸከመ ብየዳ

መጽሐፍ ማንበብ ለጤና ጎጂ ነው የሚል ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ የተውኩት፣ ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ያው አንባቢ መሆኑ ትዝ እያለኝ ነው። ማስረጃው ግን ሞልቶኛል። ያላነበበ ሰው መኪናው ሲበላሽ ጋራዥ ይወስደዋል። ያነበበ ሰው በመጀመሪያ "ለመሆኑ ባለሙያ ማለት ማነው? ማን ባለሙያ ብሎ ሾመው?" ብሎ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ይመሻል፤ መኪናው እዚያው ይቆማል። እኔ ደግሞ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ።

መኪናዬ ጡረታ ከወጣ አንድ አበባ ነጋዴ የገዛሁት አሮጌ ቫን ነበር። በሁለቱም ጎኑ ቀይ ጽጌረዳ ተሥሎበታል። ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ስለተላጠ ከሩቅ ሲያዩት ጽጌረዳ ሳይሆን በቅርቡ ከፍ ያለ አደጋ የደረሰበት መኪና ይመስላል። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ችግሩ ኋላው ነበር። ለሃያ ዓመት የአበባ ባልዲ ከነውሃው ሲሸከም የኖረው ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበው ቅስት ብረት፣ ረግቦ፣ የቫኑ ሆድ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ያለው ፓርኪንግ መግቢያው ዳገት ቢጤ ነው። እዚያ በገባሁ ቁጥር የቫኑ ሆድ ሲሚንቶውን ሲፍቅ የሚወጣው ድምፅ ጥርስ ያስነክሳል። ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳያዩኝ "መጣ" ይላሉ። አንድ ቀን እንዲያውም አስተናጋጇ ድምፁን ሰምታ፣ ገና በሩን ሳልከፍት ሽሮዬን አዝዛልኝ ጠበቀችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ያን ቀን ክትፎ አምሮኝ ነበር የሄድኩት።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ በክሬንሾው ጎዳና ሳልፍ መኪኖች መንገድ ላይ ሲዘሉ አየሁ። ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ደግሞ ቢነግሩትም አያምንም። ያ ሁሉ ብረት እንደ ጎረምሳ ከመሬት ይነሣል፣ አንዱን ጎማ አየር ላይ አንጠልጥሎ ትከሻውን ይንጣል። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አንዱን ባለመኪና የት እንዳሠራው ጠየቅኩት።

"ቤቴ ነው" አለኝ በኩራት፤ "በራሴ እጅ።"

ከዚያ በኋላ ሌላም ነገር ተናግሯል። ከአባቱ ጋር ስንት ዓመት እንደተማረ ይመስለኛል። እኔ ግን የምፈልገውን ሰምቼ ስለነበር መስኮቱን ዘግቻለሁ።

የእኔ ምኞት መዝለል አልነበረም። በዚህ ዕድሜዬ የሚዘልልኝ የደም ግፊቴ ይበቃኛል። እኔ የፈለግኩት ኋላውን በአራት ጣት ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ባሌስትራው ከመኪናው አጥንት ጋር የሚንጠለጠልባት አንዲት ብረት አለች፤ ግራና ቀኝ አንዳንድ። እሷን ቆርጦ፣ መሐሏ ላይ ሌላ ብረት ጨምሮ፣ በይዶ መመለስ ነው። ሱሪ ከማስረዘም በምን ይለያል? እንዲያውም ሱሪ ይተኮሳል።

ግሌንዴል ውስጥ አንድ ሰውዬ ግቢው ላይ ዕቃውን ደርድሮ ሲሸጥ ትንሽ የብየዳ ማሽን አገኘሁ። "መበየድ ትችላለህ?" ሲለኝ "አንብቤያለሁ" አልኩት። ሰውዬው ለአፍታ አየኝና የዓይን መከላከያውን በነጻ ጨመረልኝ። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ማሽኑን ስታይ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "የመጋረጃ ዘንግ የሰቀልክ ቀን መጋረጃውም ዘንጉም ግድግዳውም እላዬ ላይ ነው የመጣው።"

"ያ እንጨት ነው" አልኳት፤ "ይኼ ብረት ነው።"

"እሱ ነው የምልህ" አለችና ገባች።

እኔ ሰው ሲቃወመኝ ትክክል መሆኔን የማረጋግጥ ሰው ነኝ። ይህ ጠባይ በጽሑፍ ላይ ጠቅሞኛል። ሰው ሁሉ የወደደውን መጽሐፍ ስነቅፍ ቢያንስ የሚሰድበኝ አላጣም፤ ስድብ ደግሞ መነበብ ነው። ብረት ግን አይከራከርም። ብረት ዝም ብሎ ይሰማሃል፤ ሐሳቡን የሚነግርህ ሌላ ቀን ነው።

ጓሮዬ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በየድኩ። የመጀመሪያው ብየዳ ሕፃን ልጅ አኝኮ የተፋው ማስቲካ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ሕፃኑ ራሱ የበየደው ይመስል ነበር። ግድ የለም። መሞረጃ አለኝ። ጉብ ጉብ ያለውን ሁሉ ልሙጥ እስኪሆን ሞረድኩት፤ ከዚያ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሲደርቅ የፋብሪካ ሥራ መሰለ። ይህን ዘዴ የተማርኩት ከድርሰት ነው። ሐሳብ ሲጎድል ቋንቋውን ማስዋብ ነው፤ አንባቢ ይዳብሰዋል እንጂ አይሰብረውም።

ሞክሬዋለሁ ወይ? እንዴት አልሞክረውም! እጄን ዘርግቼ ዳበስኩት።

በማግስቱ ፌርፋክስ ሄድኩ። ዳገቷን ወጣሁ። ድምፅ የለም! ቫኑ እንደ ንግሥት ገባ። ማንም "መጣ" አላለም። አስተናጋጇ ስታየኝ ደነገጠች። ክትፎ አዘዝኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሳምሶን መጣ።

ሳምሶን በዲቪ የመጣ የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ግሌንዴል ውስጥ አረጋውያንን የሚንከባከብበት ሥራ አለው፤ በተረፈችው ሰዓት ነርስ ለመሆን ይማራል። እዚህ አገር ዘመድ የለውም። እኔን ያገኘኝ የሆነ ጽሑፌን ተቃውሞ ሊጨቃጨቀኝ መጥቶ ነው፤ ወደድኩት። ሶፋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆየና፦

"ጋሼ፣ ሽማግሌ እንድትሆንልኝ ነው" አለኝ።

ልጅቷ ሜሮን ትባላለች። ሁለት ዓመት ተዋውቀዋል። ቤተሰቧ ቫን ናይስ ነው የሚኖሩት። አባቷ አቶ በቀለ እንደ ድሮው ሥርዓት ሽማግሌ ሳይላክ ልጁን ዓይኑንም አላይም ብለዋል። ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ሲመጡ አባቷ አንድ ጥያቄ ጠይቀው እንደመለሷቸውም ሳምሶን ሰምቷል። ምን እንደጠየቁ ግን የሚያውቅ የለም።

"እምቢ ካሉ ሜሮን አባቷን አሳዝና አታገባኝም" አለ። "ነግራኛለች። ሶ… አንድ ዕድል ነው ያለኝ።"

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩ ይህ ነው። የሁለት ሰው ዕድሜ በእኔ አንደበት ላይ ተንጠለጠለ። አንደበቴ ደግሞ በእኔ ባሌስትራ ላይ።

ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለተኛው ጋሽ ታደሰ ሆነ፤ የቀድሞ የፓርኪንግ አለቃ፣ ወንበሮች ሲያዩት የሚያመነቱ ግዙፍ ሰው። ሦስተኛው ወንድም ዳንኤል ነበር፤ የሳምሶን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን፣ ትራፊክ መብራት እንኳ ሳይጸልይ የማያልፍ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ በር ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰን ተሰበሰብን። ሳምሶን ቫኑን ዞረው። ጎንበስ ብሎም አየ።

"ጋሼ፣ ኋላው ለምንድነው እንደዚህ ከፍ ያለው?"

"ሠርቼው ነው።"

"የት አሠራኸው?"

"ሠርቼው ነው አልኩህ እኮ።"

ሳምሶን ወደ ራሱ መኪና ዞረ። "በእኔ መኪና ብትሄዱስ?"

"ያንተ መኪና ሦስት ሽማግሌ ይይዛል? ጋሽ ታደሰን ብቻውን በሁለት ዙር ነው የምናመላልሰው።"

ጋሽ ታደሰ በዚህ ሳቀ፤ ሳምሶን አልሳቀም። ባለቤቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "መልካም ዕድል" አለች። ለእኛ ይሁን ለብየዳው አልገለጸችም።

ሳምሶን ወደ ሥራው ሄደ፤ እኛ ጉዞ ጀመርን። ኋላው ከፍ ስላለ ሦስታችንም ሳናስበው ወደ ፊት እንንሸራተታለን። ፈጣኑ መንገድ፣ ፍሪዌይ ስንገባ ጋሽ ታደሰ እጁን ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ተክሎ፦

"ቁልቁለት ነው እንዴ?" አለ።

"ሜዳ ነው።"

"እኔ ግን እየወረድኩ ነው።"

ወንድም ዳንኤል ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። ለልጁ ጸለየ፣ ለልጅቷ ጸለየ፣ ለአባቷ ልብ ጸለየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይህንንም መኪና ጠብቅ" ሲል አላስቻለኝም።

"ለመኪናው ጸሎት አያስፈልገውም፣ ወንድም ዳንኤል። ብየዳው የራሴ ነው።"

ዓይኑን ሳይገልጥ "አውቃለሁ፤ ሳምሶን ነግሮኛል" አለና ጸሎቱን አስረዘመው።

ቫን ናይስ ስንደርስ ሙቀቱ የምድጃ አፍ ነበር። ዝናብ ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቱ ስለነበር የሰዉ ሁሉ ሣር ቢጫ ሆኗል። የአቶ በቀለ ግቢ ግን ሣሩ ተነቅሎ በጠጠር ተተክቷል፤ የብረት አጥሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መገጣጠሚያው የማይታይ፣ ያማረ ነበር። አየሁት፤ ግን አላስተዋልኩትም። መንገድ ዳር ማቆም ስችል፣ መግቢያውን ሳልፍቅ መግባቴን ለማሳየት ብዬ ግቢያቸው ድረስ ዘለቅኩ። የመግቢያው ጠርዝ ላይ ሲወጣ ቫኑ "እህ" የሚል ድምፅ አሰማ። ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም ጋሽ ታደሰን አየነው።

"እኔ አይደለሁም" አለ።

ቤት ገባን። አቶ በቀለ አጠር ያሉ፣ ክንዳቸው ወፍራም፣ ዓይናቸውን ሰው ላይ ተክለው የሚቆዩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ሳቃቸውን በነጠላቸው የሚደብቁ ደግ ሴት። ሜሮን ሥራ ናት፣ የለችም ተባልን። ጫማዋ በር ላይ ነበር፤ ሥርዓት ስለሆነ ጫማውን ማንም አላየም።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ በቀለ።

"የለም" አልኩ፤ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።" ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ጋሽ ታደሰ ግን ወንበሩን በናፍቆት አየው።

ተናገርኩ። እንዴት እንደተናገርኩ! ለመጽሔት የማልጽፈውን አማርኛ ሁሉ አወጣሁ። ልጁ ትሑት፣ ታታሪ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ የሰው እናትና አባት የሚጦር። አቶ በቀለ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦

"እርስዎ ልጁን በምን ያምኑታል?"

ይህ ነው ማለት ነው ያ ጥያቄ። ወንድም ዳንኤል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። እኔ ግን አልተጨነቅኩም፤ መልሱ ራሱ መጣልኝ። ደረቴን ነፍቼ፦

"አቶ በቀለ፣ ይህን ልጅ እንደ ገዛ እጄ ሥራ አምነዋለሁ!" አልኩ።

አቶ በቀለ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ውጭ ምድር ተሰነጠቀች።

ይህን በልብ ወለድ ብጽፈው አንባቢ መጽሐፉን ይወረውረው ነበር፤ እኔም አልፈርድበትም። ብረት ግን የድርሰት ለዛ አያውቅም። በፈለገው ሰዓት ይሰበራል። ድምፁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "መሬት መንቀጥቀጥ!" አለ። እዚህ ከተማ የኖረ ሰው እግሩ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ነው የሚያስበው። ሁላችንም ምግብ ጠረጴዛው ሥር ገባን። ሽማግሌ፣ አባት፣ እናት። ቤት የለችም የተባለችው ሜሮን ከመኝታ ቤት እየሮጠች ወጥታ በእኔና በጋሽ ታደሰ መሐል ተሸጉጣ ገባች።

ጠበቅን። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከጠረጴዛው ሥር ስድስት ሰው ተፋጠጥን።

"አንቺ፣ ሥራ አልነበርሽም?" አሉ አቶ በቀለ።

"አሁን ገባሁ፣ አባዬ" አለች በባዶ እግሯ።

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ወጥተን አየን። ቫኑ በግራ በኩል ቁጭ ብሏል። ለመጫን አንድ እግሩን ያጠፈ ግመል ይመስላል። የጎማ መሸፈኛው ጎማው ላይ ተኝቷል። ጽጌረዳዎቹ ወደ ሰማይ ያያሉ። ከፊቱ የአቶ በቀለ መኪና ተዘግቶበታል።

አቶ በቀለ ኮታቸውን አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡ። ጋራዣቸውን ከፍተው ክሪክና የብረት መደገፊያ ይዘው መጡ፣ ቫኑን አንሥተው አስደገፉት፣ ጎማውን ፈቱና በነጭ ሸሚዛቸው ሥሩ ገቡ። ወደ ተከፈተው ጋራዥ ውስጥ አየሁ። የብየዳ ማሽን፣ አንድ አይደለም፣ ሦስት። ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ጭንብሎች።

"አባዬ በያጅ ነው" አለችኝ ሜሮን በሹክሹክታ። "ሠላሳ ዓመት። እዛ አገር ቤት የነዳጅ ታንከር ነበር የሚበይደው፤ እዚህ አጥርና በር ይሠራል።"

ሳምሶን ይህን ለምን አልነገረኝም? ነግሮኛል ለካ፤ እኔ ንግግሬን እያቀናበርኩ ነበር።

ከመኪናው ሥር የመፋቂያ ድምፅ ተሰማ፤ ቀለሜን እየፋቁት ነው። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

"ይህን ማን በየደው?"

ወንድም ዳንኤል ሰማይ ሰማይ አየ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንዲያው… ሲገዛ እንደዚያ ነው የተገዛው መሰለኝ። አበባ ነጋዴው ይሆናል" አለ።

ሐሳቡን ወደድኩት። ለአንድ ደቂቃ ሙሉ አበባ ነጋዴው እንዲሆን ፈቀድኩ። እውነቱን ከተናገርኩ "እንደ እጄ ሥራ" ያልኩት ልጅ አለቀለት። ዝም ካልኩ ግን ቃሌ ይቆማል፣ ልጁ ይድናል፣ የሚጎዳው የማይሰማ አበባ ነጋዴ ብቻ ነው። ዝም አልኩ።

"ይህን የበየደ ሰው" አሉ ከሥር፣ "ወይ ሰክሮ ነበር፣ ወይ ለባለመኪናው ቂም አለው። ብረቱ ከብረቱ ጋር አልተዋወቀም። እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ጎን ለጎን ነው የቆሙት። ያለችውን ትንሽ ብየዳ ደግሞ ሞርዶ ጨርሷታል።"

መፋቂያው እንደገና ፋቀ።

"አሞራረዱ ግን…" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሞራረዱ ንጹሕ ነው።"

"እኔ ነኝ!" አልኩ።

ለእውነት ስል ነው የተናዘዝኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ የመጀመሪያዋ ምስጋና ናት፤ ለአበባ ነጋዴ ልሰጣት አልቻልኩም።

አቶ በቀለ ተንሸራተው ወጡ። ሲሚንቶው ላይ እንደተጋደሙ አዩኝ። ግንባራቸው ላይ ጥቁር ቀለሜ ነበር። እርስዎ ማለታቸው እዚያው ላይ አበቃ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጁን እንደ እጄ ሥራ ያልከው… ይህን እጅ ነው?"

ሁለቱንም እጆቼን አየሁ። የማስተባብልበት ነገር አልነበረም። "ይህን ነው" አልኩ።

"ልጁን ያሳደግከው አንተ ነህ?"

"አይ! እናቱ ናት። ደሴ ከተማ። እኔ የማውቀው ካደገ በኋላ ነው።"

"ተመስገን!" አሉ እትዬ አልማዝ ከደረጃው ላይ፤ ነጠላውም ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሽ ታደሰ ሳቀ። ወንድም ዳንኤል ሳቀ። ሜሮን ግን አልሳቀችም፤ አባቷን ነው የምታየው። አባቷም አልሳቁም።

"የአንተን ቃል እንግዲህ ምን ላድርገው?" አሉኝ።

በዚህ መሐል ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳምሶን ነው። ከመጣን ጀምሮ ሰባተኛ ጊዜው። አቶ በቀለ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው።

"ሃሎ… አይደለም፣ የሜሮን አባት ነኝ።" "ስማ፣ ሽማግሌዎችህ ተሰብረዋል። መጥተህ ውሰዳቸው።"

ስልኩን መለሱልኝና ጭንብላቸውን አደረጉ።

ሳምሶን ከግሌንዴል እስኪመጣ ድረስ የግራውን ብረት ቆርጠው አውጥተው እንደ አዲስ ሠሩት። እኔ መብራት ያዝኩ፤ "ራቅ" ሲሉኝ ራቅኩ፣ "ቅረብ" ሲሉኝ ቀረብኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ሳልከራከር የቆየሁበት ሰዓት የለም። እሳቱ ሲጠፋ የወጣችው ብየዳ እንደ ተፈተለ ክር አንድ ወጥ ነበረች። እዚያ ላይ ግን አንድ ነገር አደረጉ። ትልቅ መዶሻ አንሥተው ያቺን ያማረች ሥራ ሦስት ጊዜ ባለ በሌለ ኃይላቸው መቷት።

"ምነው?" ብዬ ጮህኩ። "እንዲህ አምሮ!"

"ማማሩን አየሁት" አሉ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ስበይድ የራሴን ሥራ ሳልመታ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።"

ልጁ መጣ። የሥራ ልብሱን፣ ያንን ሰማያዊ የሆስፒታል ልብስ እንደለበሰ ነው፤ ለመቀየርም አልደፈረም። ሥርዓቱ እርሱ እንዳይመጣ ነው፤ እርሱ ግን በራሳቸው ትእዛዝ ቆሟል፤ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ሜሮንን ለማየት ፈርቶ ቫኑን አየ። ቫኑን ለማየት ፈርቶ እኔን አየ።

አቶ በቀለ ሰላምታውን በጭንቅላታቸው ተቀበሉት። በቀኝ በኩል ያለውን ጎማ ፈቱ። እዚያ ያልተሰበረችው፣ የምታብረቀርቀው፣ ሁለተኛዋ የእጄ ሥራ ተንጠልጥላለች። መዶሻውን ለሳምሶን ሰጡት።

"ይህን የበየዱት የአንተ ሽማግሌ ናቸው። ምን ይመስልሃል?"

ሳምሶን አየኝ። የላከኝ እሱ፣ የተላክሁት እኔ፤ በሰው ግቢ እንዴት ያዋርደኝ? "ጥሩ… ጥሩ ነው የሚመስለው" አለ።

"የሚመስለውን አልጠየቅኩህም። ሜሮንን በዚህ መኪና ወደ ቤትህ ትወስዳታለህ?"

አሁን አባትየውን ደስ አሰኛለሁ ብሎ እኔን የሚዘልፍ ልጅ ከሆነ እርሳቸው ያዩታል። እኔን ላለማሳፈር ብሎ "እወስዳታለሁ" ካለም ያዩታል። እኔ ልረዳው ፈለግኩ፤ ግን ያን ቀን ንግግሬ ሁሉ አልቆ ነበር።

"አልወስዳትም" አለ ሳምሶን።

"ሽማግሌህ ቢቀየሙህስ?"

"ይቀየሙኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለና መታት።

አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ እስከ ዛሬ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የመታው ብዬ አምናለሁ፤ በይቅርታ እንዲህ አይመታም። ብረቷ ለሁለት ሆና ግማሿ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፣ ተሽከረከረች፣ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች።

አቶ በቀለ ጎንበስ ብለው ስብራቱን አዩ፤ ቀና ብለው ልጁን አዩ። መዶሻውን ከእጁ ተቀበሉት።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ።

እትዬ አልማዝ ደረጃው ላይ ቆመው እልል አሉ። ሜሮን ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ወንድም ዳንኤል ዓይኑን ጨፈነ፤ ጋሽ ታደሰ የተፈታው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቶች በየበራቸው ወጡ። አንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ "ምን ሆኑ?" ብላ ጠየቀችን፤ ማናችንም ልናስረዳት አልቻልንም። እኔ ግን ቆሜ ሳስብ፣ የእኛ ሰው እልል ማለት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ብየዳ ስለተሰበረ እልል የተባለው ያን ቀን ብቻ መሆን አለበት። የገዛ ሥራዬ እግሬ ሥር ለሁለት ተከፍሎ እያለ፣ ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ።